ግንዱ ሳይወድቅ

ሟቹ ግንባሩ ላይ አመድ ተቀብቷል።

ኢንስፔክተር ደነቀች ኬርጋ ጎንበስ ብላ አየችው። ሽማግሌው ሙርጋ ጋቢ ለብሶ አልጋው ላይ ተጋድሟል፤ ትራሱ መሬት ወድቋል። በዚያው ትራስ ታፍኖ ነው የሞተው።

«ገዳዩ ውጭ ቆሞ እዚህ ምን ታፈጫለሽ?» አላት ፈቀደ፣ የሟቹ ልጅ። መርካቶ ሱቅ አለው፤ ለመስቀል ነው የመጣው። «አጎቴ ዳርጌ ነው። በመሬት ተጣልተው ዘጠኝ ዓመት አልተነጋገሩም። ትናንት ደመራው እንደተለኮሰ ሹልክ ብሎ ሄደ። አባቴ ደግሞ አመድ ተቀብቷል፤ እሳቱ ሲነድ በሕይወት ነበር ማለት ነው።»

«አንተስ የት ነበርክ?»

«እሳቱ ዳር። ከዚያ ጎረቤት ቤት ስንጠጣ አነጋን። መንደሩን ጠይቂ።»

«ከመለኮሱ በፊት?»

«ወንዝ ወርጄ መኪናዬን ሳጥብ ነበር።»

«ከማን ጋር?»

«መኪና ለማጠብ ምስክር ይዤ ልውረድ?»

የሟቹ ሚስት ሽቴ፣ የፈቀደ እንጀራ እናት፣ ምሰሶውን ተደግፋ ተቀምጣለች። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ክትፎ ልከትፍ እህቴ ቤት ስሄድ ደህና ነበር» አለች። «እግሩን ስለሚያመው ደመራ አልወጣም፤ አመዱን ሰው ነው ቤት ድረስ የሚያመጣለት። ማታ ስመለስ ተሸፋፍኖ ሳየው ተኝቷል ብዬ ተውኩት። ጠዋት ስነካው በርዷል።»

«ትናንት ምን አወራችሁ?»

«ከወንድሜ እታረቃለሁ፣ የእንሰቱን መሬት እመልስለታለሁ አለ። ለፈቀደም ነግሮታል።»

«አንቺ ዝም በይ» አላት ፈቀደ።

ደነቀች ፈቀደን አስከትላ ስትወጣ ጀፎሮው ላይ፣ የመንደሩ ሰፊ ሜዳ ላይ፣ ሰው ዳርጌን ከቦታል። መጥረቢያ የያዙም አሉ።

«ወንድሙን የገደለ እዚህ አያድርም» ይላል አባ ስርሞሎ፣ ደመራውን የባረከው ሽማግሌ። «የጓሮ እንሰቱ ዛሬውኑ ይነቀል።»

«ጠልቼዋለሁ፤ አልገደልኩትም። ከቀትር ጀምሮ እዚሁ የደመራ እንጨት ስፈልጥ ነበር» አለ ዳርጌ። እንሰቱ ተነቅሎ ከመንደሩ ከተባረረ በስድሳ ዓመቱ የሚገባበት ጎጆ የለውም።

«ታዲያ ከእሳቱ ለምን ሸሹ?» አለችው ደነቀች።

«ያልታረቀ ሰው እሳቱ ዳር አይቆምም። ይህን ሳላውቅ ነው ያረጀሁት?»

ደነቀች የሰዉን ግንባር አንድ በአንድ አየች። ከዚያ ዞር ብላ የደመራውን የመሃል ግንድ አየች፤ ጠቁሮ፣ እየጨሰ ቆሟል።

«አባ፣ የማናችሁም ግንባር ላይ አመድ የለም።»

«ግንዱ ሳይወድቅ ማን አመድ ይነካል? ዘንድሮ ርጥብ ወይራ ተከሉና ይኸው ተገትሮ አደረ።»

«እንግዲያው ሙርጋ አመዱን ከየት አገኙት?»

ሰዉ የየራሱን ግንባር በእጁ ዳሰሰ።

«ከምድጃ ነው» አለች። «የቀባቸው ሰው ከደመራው በኋላ ሞቱ እንድንል ፈልጓል። ይህ ማንን ይጠቅማል? ጋሽ ዳርጌ ከቀትር ጀምሮ እዚሁ እንጨት ሲፈልጡ ሁላችሁም አይታችኋል፤ ብቻቸውን የሆኑት እሳቱ ከተለኮሰ በኋላ ነው። አመዱ እሳቸውን ያስጠረጥራል እንጂ አያድንም። ወይዘሮ ሽቴ ቀን ከእህታቸው ጋር ነበሩ፤ ብቻቸውን ያደሩት ማታ ነው። እሳቸውንም አይጠቅምም። ከመለኮሱ በፊት ብቻውን የነበረ፣ ከዚያ ወዲህ ግን መንደሩን ሁሉ ምስክር ያቆመ አንድ ሰው ነው።»

ዓይኖች ሁሉ ፈቀደ ላይ አረፉ።

«በየዓመቱ ግንዱ በተለኮሰ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ይወድቃል። ዘንድሮም ይወድቃል ብለህ አስቀድመህ ቀባሃቸው። እንዳልወደቀ ስታይ ወደ ቤት ተመልሰህ እንዳትጠርግ ምስክሮችህ ከበውህ ነበር።»

«መሬቱ ላይ ቤት ልሠራበት ነበር» አለ ፈቀደ። «መሠረቱን ላስቆፍር ነበር እኮ። ለዚህ ለጠላቱ ሊሰጠው!»

ፖሊሶች ይዘውት ሲሄዱ ማንም አልተከተለም። መጥረቢያ የያዙት ዳርጌን ቀና ብለው ማየት አፈሩ።

ረፋድ ላይ ግንዱ ወደቀ። ዳርጌ ከሁሉ ቀድሞ አመዱን ዘገነ፤ የከለከለው የለም። ዘጠኝ ዓመት ያልረገጠውን ደጃፍ አልፎ ገባ። የሐሰቱን አመድ በእጅጌው ጠረገና የወንድሙን ግንባር በአውራ ጣቱ ቀባ።

«ልትመጣ ነበር አሉ» አለው። «ይኸው እኔ መጣሁ።»