የመልክ ግብር

በሐመልማ ምድር፣ በገበያ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ ሳለች፣ አንድ ውሻ በአንድ ሰው ሆድ ገብቶ በጀርባው ወጣ።

ሰውየው ከጎረቤት አገር ከድርሳና የመጣ የጨው ነጋዴ ነበር። ውሻው አልነከሰውም፣ ደምም አልፈሰሰም፤ ጭስ ሰንጥቆ እንደሚያልፍ ሰንጥቆት አለፈ። ነጋዴው ራሱ አላወቀም። ጨው እየመዘነ ከገዢው ጋር መከራከሩን ቀጠለ። ያኔ ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ እግሩ ጣለ። ጥላ የለውም። ድርሳናዎች ጥላቸውን ለኅብረቱ ገበሩ ሲባል ተሰምቶ ነበር፤ ያመነ ግን አልነበረም። እናቶች የልጆቻቸውን ዓይን በነጠላቸው ሸፈኑ።

የአምስቱ ዘውዶች ኅብረት የሚባለው፣ በአንድ ወንዝ መሻገሪያ ሲተራረዱ የኖሩ አምስት መንግሥታት በቃን ብለው የተማማሉበት ነው። ሰላሙን የሚጠብቀው የዝምራ ሐይቅ ነው ተባለ። ሐይቁ ደግሞ የሚኖረው የሰው መልክ እየተመገበ ነው። ስለዚህ ሐመልማ ውስጥ ሕፃን ሲወለድ ግብር ሰብሳቢዎቹ ውሃ ላይ ያጎነብሱትና መልኩን በማሰሮ ቀድተው ይሄዳሉ። መልኩ እዚያው ሐይቁ ውስጥ ከባለቤቱ ጋር ያድጋል፣ ያረጃል። ባለቤቱ ግን ከዚያ ወዲያ ኩሬም ቢያይ፣ የተወለወለ ጋሻም ቢያይ ፊቱን አያገኝም። ስለ መልኩ የሚያውቀው ሌላ ሰው የነገረውን ብቻ ነው። ሰውም ደግ ደጉን ይነግረዋል፤ የሰውን የፊት ጉድለት መናገር በዚያ አገር ከስድብ ሁሉ የከፋ ስድብ ነው። እናም በሐመልማ አስቀያሚ ሰው የለም።

ውሻው ባለፈበት በዚያው ቀን የኅብረቱ መልእክተኛ፣ አጋፋሪ ዝልፉ፣ የውሃ ድምፅ እየሰማ በሚሄድ ዕውር ጎሽ ላይ ተቀምጦ ገበያው መሐል ቆመ።

«የተከበርክ የሐመልማ ሕዝብ ሆይ!» አለ። «የአባልነት ግብርህ ለሐይቁ አልበቃም። ከመጪው ዝናብ ጀምሮ ከመልክ ጋር ጥላም ትገብራለህ። መጀመሪያ የሚወሰደው ዘንድሮ የተወለዱት ሕፃናት ጥላ ነው።»

«ወይ ጉድ! መልካችንን በላችሁ፣ ደግሞ ጥላ?» አለች አንዲት ሽንኩርት ሻጭ። «ምን ሰጣችሁን? መሻገሪያው ላይ አንድ ግንድ እንኳ አላጋደማችሁም!»

«ዛሬ ውሻ ያልፍብናል፣ ነገ በሬ!» አለ ሌላው።

«ሰላም ሰጠናችሁ» አለ አጋፋሪው።

አባ ድልነሳ የሚባሉ ሽማግሌ ተነሡ። «እሱስ እውነት ነው» አሉ። «አባቴንና ወንድሞቼን የቀበርኩት እዚያ መሻገሪያ ላይ ነው። ኅብረቱ ሲመጣ የመጀመሪያውን ማሰሮ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ የሚስቴንና የልጄንም መልክ ያስቀዳሁ እኔው። ነገር ግን አጋፋሪ፣ ሰውየውን ጭስ ካደረጋችሁት ሰላሙ ለማን ነው?»

አጋፋሪው ጎሹን ለመሄድ አዞረ።

ከሴቶቹ መካከል አንጓች የምትባል ልጃገረድ ነበረች። የእህቷን የሽታዬን ጨቅላ ታቅፋለች። እናታቸው አንጓች ገና ጨቅላ ሳለች ሞታለች፤ የሽታዬም ባል ሞቷል፤ ያ ልጅ ነው የቀራቸው። አንጓች ወደ ፊት ወጥታ ጎሹ አፍንጫ ሥር ቆመች።

«መውጣትስ አይቻልም?» አለች።

አጋፋሪው ፈገግ አለ። «ይቻላል፣ ደጁ ክፍት ነው። ከአገራችሁ ሦስት ሰዎች ይምጡና እያንዳንዳቸው የገዛ መልካቸውን ከሐይቁ ያንሡ። ሦስቱም ካነሡ የሐመልማ መልክ ሁሉ ይለቀቃል። የሌላ ሰው መልክ ያነሣ ግን እዚያው ይቀራል።»

ይህን ሕግ ሁሉም ያውቀዋል። ስንት ጀግና ሄዶ አንድም አልተመለሰም።

አንጓች እሄዳለሁ ብላ እቤት ስትገባ ሽታዬ ጮኸችባት። «አንቺ ግትር! ጋሻ ጃግሬው ያልቻለውን አንቺ ልትችይ?»

«እና ቁጭ ብዬ ልይ? ይሄ ልጅ ሲያድግ ልትስሚው ስትይ ከንፈርሽ አየር ይነካል፣ ገባሽ?» አለችና እጇን በሕፃኑ ደረት ላይ አድርጋ ማለች፤ «በእናታችን አጥንት፣ በዚህ ልጅ ትንፋሽ እምላለሁ! ጥላውን ከእግሩ አላስነቅልም። ካስነቀልኩ ስሜ ከሰው አፍ ይጥፋ!»

አባ ድልነሳ ማሰሮውን የያዝኩ እኔ ነኝና እሄዳለሁ አሉ። ሦስተኛው የአክስቷ ልጅ ምንይችል ነበር፤ ከበሮ መቺ፣ አፈኛ፣ በመልኩ የሚኮራ።

የአጋፋሪውን ዕውር ጎሽ ዱካ ተከትለው በድርሳና በኩል አለፉ። በዚያ አገር ወፍ አይጮህም። ሰዎቹ እህል ይወቅጣሉ፤ ሙቀጫው ግን ድምፅ የለውም። አንዲት እናት ደጃፏ ላይ ልጇ ወድቆ ያለቅሳል፤ ልታነሣው ጎንበስ ትላለች፣ ባዶ እጇን ይዛ ቀና ትላለች፣ እንደገና ጎንበስ ትላለች። አንጓች ልትረዳት ሮጠች። የእሷም እጅ በልጁ ውስጥ አለፈ። ሴትየዋ ቀና ብላ፣ «ተይው እህቴ፣ እንለምደዋለን» አለቻት። መንገዱን ሁሉ ሲዘፍን የመጣው ምንይችል ከዚያ በኋላ መዝፈኑን ተወ።

ዝምራ ሲደርሱ ቀትር ነበር። ውሃው አመድ ይመስላል፤ ነፋስ አይነካውም። ከውሃው ሥር መልኮቹ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆመዋል፤ ዓይናቸው አይርገበገብም፣ ሁሉም ወደ ላይ ያያሉ። በመካከላቸው የድሮዎቹ ጀግኖች ከነጋሻቸው ቆመዋል። እያንዳንዱ አንድ መልክ አቅፏል። አጋፋሪ ዝልፉ ዳር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል።

አንጓች ጀግኖቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። «እንዴ!» አለች። «ሁሉም ያቀፉት ቆንጆ ቆንጆውን ነው።»

ምንይችል ግን አልሰማትም፤ ዓይኑ የሚያበራ አንድ ጎረምሳ ላይ እጁን ሰዶ ነበር። እጁን በጥፊ መታችው።

«ያ አንተ አይደለህም!»

«እናቴ ዓይንህ የንጋት ኮከብ ነው ብላኛለች!»

«እናትህ ጨዋ ናት። ጆሮህ ተገትሯል፣ አፍንጫህ ተጣሟል፣ ጥርስህ ተነባብሯል። ያውልህ፣ ከሸንበቆው ሥር።»

ምንይችል እጁን ሰበሰበ። «እንዲህ ተብዬ አላውቅም፣ አንጓች።»

«አሁን ተባልክ። አንሣ!»

አነሣው። ውሃው እጁ ላይ ሞቀ፤ ሐይቁም አልያዘውም። ብዙ ካየው በኋላ፣ «ይሄን ይዤ ነው ያን ሁሉ ሰርግ የዘፈንኩት?» አለ።

አንጓችም ወደ አንዲት ረጋ ያለች፣ ውብ ሴት ጎነበሰች። ሽታዬ ሁልጊዜ እናታችንን ትመስያለሽ ትላት ነበር።

«ልጄ፣ ቆዪ» አሉ አባ ድልነሳ። «ያቺ እናትሽ ናት። የሞቱትም እዚሁ አሉ። አንቺ ያቺ ግንባሯን የቋጠረችው፣ አገጯ የወጣው፣ ጉንጯን እሳት የላሰው ነሽ።»

ጉንጯን ዳሰሰች። ጠባሳውን በእጇ ታውቀው ነበር፤ ትንሽ ነው ብለዋት ነበር። የገዛ መልኳን አነሣች።

ለአባ ድልነሳ ማንም አላመለከታቸውም። ቀድመው አይተዋል። ከውሃው ሥር አንድ ሽማግሌ፣ በቀኙ ሚስታቸው ብርነሽ፣ በግራው ልጃቸው እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆመዋል። ሁለቱንም ወረርሽኝ ነበር የወሰዳቸው።

አጋፋሪው ጉሮሮውን ጠረገ። «ሕጉን ልጨርስላችሁ። የሕያዋን መልክ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። የሙታን መልክ ግን የሚመለስበት የለውም፤ ይጠፋል። ካላነሡ ደግሞ፣ አባት፣ ሁሌም እየመጡ ሊያዩአቸው ይችላሉ። ማንም አይከለክልዎትም።»

ሽማግሌው ዳር ላይ ቁጭ አሉ። አንጓች ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ የእናቷን ፊት አየችና ዘጋችው።

«አባባ…» አለች በመጨረሻ።

«ዝም በዪ፣ ልጄ። ልያቸው።»

ጥቂት አዩአቸው። ከዚያ እስከ ደረታቸው ውሃው ውስጥ ገቡ። «ብርነሽ፣ እንዲህ አድርገሽ አትይኝ» ሲሉ ተሰማ። የገዛ መልካቸውን ጣቶች ከሚስታቸው ጣት አንድ በአንድ ፈለቀቁ። ከዚያ ከልጃቸው። ልጅቱ አጥብቃ ይዛ ነበር። እዚያ ላይ ሽማግሌው ሰው የማያወጣው ድምፅ አወጡና መልካቸውን ነቅለው አነሡ።

ሐይቁ ጮኸ። የሐመልማ መልኮች እንደ ወፍ መንጋ ተነሥተው ወደ ምሥራቅ ነጎዱ። የሌሎቹ አገሮች መልኮች ከሥር እጃቸውን ዘርግተው ሊይዟቸው ሞከሩ። የአንጓች እናት ውሃው ላይ አንድ ጊዜ ብቅ ብላ ጠፋች። ብርነሽም፣ ልጅቱም ጠፉ።

በሐመልማ ያን ሰሞን ሰው ሁሉ ፊቱን ሊያይ ከውሃ ጉድጓድ ወደ ውሃ ጉድጓድ ዞረ። የሳቀም ነበር፣ ጎረቤቱን «ውሸታም!» ብሎ ያኮረፈም ነበር። ዝናቡ መጣ፤ ማሰሮ የያዘ ግን አልመጣም። የሽታዬ ልጅ ደጅ ላይ የገዛ ጥላውን ሊይዝ እየዳኸ ያሳድዳል። ከወንዙ ማዶ ግን የጦር ድንኳን መታየት ጀመረ፤ ኅብረቱን የተወ ሰላሙንም ትቷልና። ሰዉ ተራ ገብቶ መሻገሪያውን ይጠብቃል። አንጓችም ጦር ይዛለች።

አባ ድልነሳ ከመሻገሪያው አይጠፉም። አንድ ማለዳ አንጓች እንጎቻ ይዛላቸው ወረደች። ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረዋል፤ ፊታቸውን ከወንዙ አዙረዋል።

«ውሃውን አያዩም እንዴ፣ አባባ?» አለቻቸው።

«አንቺ እይልኝ።»

ጎንበስ ብላ አየች። ውሃው ውስጥ ያለው ሽማግሌ ሁለት እጆቹን ግራና ቀኝ ዘርግቶ፣ ምንም በሌለበት ጣቶቹን ጨብጦ ይዟል።