ማቀዝቀዣውን ማን ይጠብቅ?

ማሽኑ አሁንም በትክክል መለሰ፤ ልጅቷን ያናደዳትም ይኸው ነበር። በስህተት የሰጠችው የማቀዝቀዣውን ሳይሆን የሌላ ቡድን የውሃ ታንከር ቁጥሮችን ነው። እሱ ግን አፉን ሞልቶ «መብራት ስለጠፋ ማቀዝቀዣው ሞቋል» አላት።

ለሳይንስ ውድድር ከጓደኛዋ ጋር ያዘጋጁት ፈተና ቀላል ነው። አክስቷ መድኃኒት ቤት ያለው ማቀዝቀዣ ሙቀቱን በየጊዜው የሚመዘግብ መሣሪያ አለው። እነሱ የአንድ ቀን ቁጥሮችን ከአጭር ማስታወሻ ጋር ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም ይሰጡና ማቀዝቀዣው ምን እንደገጠመው ይጠይቁታል። ቁጥርና ጽሑፍ አገናኝቶ ማሰብ ይችል እንደሆነ ለማየት ነው። እስካሁን ሃያ ከሃያ አግኝቷል። ክፍሉ ሁሉ «ፕሮፌሰር» የሚላት ጓደኛዋም ውጤቱን ፖስተሩ ላይ በትልቁ ጽፋዋለች።

ማስታወሻዎቹን የጻፈችው ፕሮፌሰር ስለነበረች፣ ልጅቷ አሁን ገና ከፍታ አነበበቻቸው። «ከሰዓት መብራት ስለጠፋ ማቀዝቀዣው ሞቀ።» «በሩ ሳይዘጋ ስላደረ ሙቀቱ ጨመረ።» ለካ መልሱን ከነምክንያቱ ሲያጎርሱት ከርመዋል፤ ቁጥሩንማ ዞር ብሎም አላየው።

«ታዲያ ምን ችግር አለው? መልሱ ልክ ነው አይደል?» አለች ፕሮፌሰር፣ ጣቷ ላይ የቀረውን ቀለም እየፈተገች።

«ልክ የሆነው አንቺ ስለነገርሽው ነዋ።»

«ኧረ አታካብጂ። ውድድሩ ነገ ነው፤ ለሰው ሁሉ አውርተናል።»

ያወራችውስ ራሷ ፕሮፌሰር ነበረች። ከሰሙት መካከል ደግሞ አክስትየዋ አለችበት። ትናንት ውጤቱን ስትሰማ፣ እንግዲያው ቴርሞሜትር ለማየት መመላለሱ ቀረልኝ፣ ማሽኑ ይጠብቅልኝ ብላ ስቃ ነበር። ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው ግን የስኳር ሕመምተኞች ኢንሱሊን ነው፤ ሙቀት ያበላሸዋል፣ መበላሸቱም በዓይን ላይታወቅ ይችላል። ሌላ ጊዜ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ከአፏ የማይጠፋ ሴት፣ እነሱን አለመጠርጠሯ ልጅቷን አበገናት።

ሙግቱን ትታ አዲስ ጥያቄ አዘጋጀች። ማቀዝቀዣው ክፉኛ የሞቀበትን ቀን ቁጥሮች ወሰደች፤ ማስታወሻው ላይ ግን «ዛሬ ሥራ እንደወትሮው ነበር» ብቻ ብላ ጻፈች።

መልሱ ወዲያው መጣ፦ «ማቀዝቀዣው ቀኑን ሙሉ በተገቢው ቅዝቃዜ ላይ ቆይቷል።»

ፕሮፌሰር መልሱን ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ እየተነጫነጨች፣ ይችን አንዷን ብንተዋትስ፣ ማን ያውቃል አለች።

«አክስቴ አታውቅም። ችግሩም እሱ ነው።»

ልጅቷ ስልኳን አውጥታ ለአክስቷ ጻፈች፦ «አክስቴ፣ ቴርሞሜትሩን ራስሽ ማየትሽን እንዳታቆሚ። ፈተናውን ያበላሸነው እኛ ነን፤ መጥቼ አስረዳሻለሁ።» ሐሳቧን ሳትቀይር ላከችው። ቀጥላ ሃያ ከሃያ የሚለው ላይ ነጭ ወረቀት ለጠፈችበት።

ፕሮፌሰር አኩርፋ ቦርሳዋን አንጠለጠለች። የትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ በር ጋ ስትደርስ ግን ቆመች።

«ሃያውንም ማስታወሻ እንደ አዲስ ልንጽፍ ነው በይኛ?»

«ሃያውንም።»

ልጅቷ አጠገቧ ያለውን ወንበር ወደ ኋላ ሳበችላትና የመጀመሪያውን ማስታወሻ ከፈተች።