ከግድግዳው ማዶ የተሰማው ቃል

በፖሊስ መዝገቡ ውስጥ ሁለት ቃሎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

አንደኛው የወይዘሮ ሰአዳ ነው፦ «ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከጎረቤቴ ከጋሽ ንጉሡ ቤት ‹እርዱኝ› የሚል የወንድ ድምፅ በግድግዳው በኩል ሰማሁ።»

ሌላው የሟቹ ወዳጅ የዶክተር እንዳልካቸው ነው፦ «አሌክሳንድሪያ ካለው ቤቴ ተነስቼ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። በሩ አልተቆለፈም ነበር። ንጉሡን ሶፋው ሥር ወድቆ አገኘሁት። እጁን ስነካው ቀዝቅዟል። ወዲያው 911 ደወልኩ።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እርዱኝ ብሎ የጮኸ ሰው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሞቶ አይቀዘቅዝም። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪምም ንጉሡ የሞተው አስሙ ተነስቶበት ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ነው ብሏል። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል ወይም ዋሽቷል። መርማሪው መኮንን የተሳሳተችው ሰአዳ ናት ብሎ አስቧል። ቃሏን ያስተረጎመችለትን አጸደን ጠርቶ፣ «የእናንተ ሰዓት ከእኛ በስድስት ይለያል አይደል? ሳይምታታባት አይቀርም። ደግመሽ ጠይቂያት» አላት።

አጸደ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ናት። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። አሥራ አራት ዓመት የሰው ቃል ስትሰማ ኖራ፣ ሰው ከሚናገረው ይልቅ ለሚናገርበት መንገድ ጆሮ ሰጥታለች። የንጉሡ መድኃኒት ከእጁ ርቆ ስለተገኘ መኮንኑ ሰው እንደጠረጠረ፣ ማንን እንደጠረጠረም ታውቃለች። ባለታክሲውን ኪራኮስን ነው። ታክሲው ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ንጉሡ ከሚኖርበት ሕንፃ በር ቆማ ታይታለች፤ ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንትም ኪራኮስ በወዳጆቻቸው ስብሰባ ላይ በንጉሡ ላይ ሲጮህ አሥር ሰው ሰምቷል።

ስልክ ከመደወል ይልቅ ራሷ ዋሽንግተን አጠገብ ወዳለው የሰአዳ ሰፈር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄደች።

ሰአዳ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። በሩን ስትከፍት ክንዷ ከሶላት በፊት ከታጠበችው ውዱእ ገና አልደረቀም።

«እትዬ አጸደ፣ ከዚህ በላይ ምን ብዬ ልማልልዎት? እኔ ሰዓት አይቼ አይደለም።»

«ታዲያ በምን አወቅሽ?»

«የዐስርን ሶላት ሰግጄ ስጨርስ ነዋ። የመስጊዱ ካላንደር ያውልዎት። እንዲያው እኔ ሰአዳ፣ ሰዓቱ ሳይገባ ልሰግድ?»

ካላንደሩ የዚያን ቅዳሜ ዐስር ከአሥራ አንድ ሰዓት ሁለት ደቂቃ ቀደም ብሎ እንደሚገባ ይናገራል። አጸደ ሰዓቱን ተወችው።

«ድምፁ ያለውን እንዳለ ንገሪኝ። አታሳምሪው።»

«‹ድረሱልን› ነው ያለው። ሁለት ጊዜ።»

«ድረሱልኝ?»

«ድረሱልን። ለዚህ አይደል ያላንኳኳሁት። ቤቱ ሰው የሞላ መሰለኝ። ጋሽ ንጉሡ ጓደኞቻቸውን ሰብስበው ስለዚያ ደን ሲከራከሩ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። ብቻቸውን መሆናቸውን ባውቅ ኖሮ እትዬ፣ በጥርሴም ቢሆን በሩን እከፍተው ነበር።»

አጸደ ማስታወሻዋን ዘጋች። ሰአዳ ለፖሊስ ቃሏን በሰጠችበት ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ስታስተረጉም ውላ ደክሟት ነበር። መኮንኑ «ምን አለ?» ሲላት በእንግሊዝኛ «እርዱኝ» ብላ አለፈች። አንዲት ፊደል በእሷ አፍ ውስጥ ጠፍታለች። ብቻውን የሚሞት ሰው ‹ድረሱልን› አይልም።

«ከዚያ በፊትስ?»

«አንድ ሰዓት ያህል ሲያወራ ነበር። አንድ ሰው ብቻ፤ ሌሎቹ የሚያዳምጡ መስሎኝ ነበር እንጂ የሚመልስለት የለም። መሀል ላይ ቋ ብሎ ጸጥ አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ቀጠለ። ከኋላው የሆነ የሚያጓራ ነገር ነበር። ታች የቆመ የቆሻሻ መኪና ነው ብዬ ተውኩት።»

የንጉሡን ቤት የከፈተችላት ልጁ ሳራ ናት። በስድስት ዓመቷ ነው ወደ አሜሪካ የመጣችው። ንጉሡ አገር ቤት የደን ባለሙያ ነበር፤ እዚህ የሆቴል መኪና ማቆሚያ ይጠብቃል። የቀረውን ጊዜውን የሰጠው ለያምባ ደን ነው። ያምባ በአገራችን ደቡብ ምዕራብ ያለ፣ መጥረቢያ ያልገባበት የጥንት ደን ነው። አንድ እንጨት ቆራጭ ኩባንያ በመሀሉ መንገድ ለማውጣት ብድር ጠይቋል። አበዳሪው ባንክ ዋሽንግተን ውስጥ አስተያየት የሚሰማው በመጪው ማክሰኞ ነው። ለደኑ ይናገራል ተብሎ የተመዘገበው ሰው ንጉሡ ብቻ ነበር።

ጠረጴዛው ላይ ዓርብ ማታ የጻፈው ንግግር አለ። አጸደ አንድ መስመር ላይ ቆመች፦ «እናት ቀረሮ ብለን የምንጠራት የአራት መቶ ዓመት ዛፍ ዛሬም ቆማለች።» ከወረቀቱ አጠገብ አሮጌ የካሴት ማጫወቻ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ባዶውን ተቀምጧል። በቆሻሻ መጣያው ውስጥ የተተረተረ የአቡጀዲ ቁራጭና ክር ነበር።

«ፓምፑን ፖሊስ የት አገኘው?» ስትል ጠየቀች። ንጉሡ አስሙ ሲነሳበት አፉ ውስጥ የሚነፋውን መድኃኒት ሁሉም የሚያውቀው በዚህ ስም ነው።

«ፍሪጁ ላይ። ኦን ቶፕ። ኢትስ ዊርድ እትዬ፣ ይገርማል፣ ዳድ እዚያ አይደርስም እኮ። ሲሪያል ለማውረድ እንኳ ወንበር ነው የሚያመጣው።»

«ከኪሱ አይለየውም ነበር አይደል?»

«ኔቨር» አለች ሳራ።

ኪራኮስን ዊተን በሚባለው የሜትሮ ባቡር ጣቢያ በር ላይ ተራ ሲጠብቅ አገኘችው። ከኋላ ወንበር ገባች።

«ሜትሩን ልክፈት ወይስ ልታሳስሩኝ ነው እትዬ?»

«እንደ መልስህ ነው። ቅዳሜ ምን ይዘህለት ሄድክ?»

በመስታወቱ አያት።

«ካሴት። ከአዲስ አበባ የመጣች ሴትዮ ደለስ አየር ማረፊያ ሰጠችኝ። ወንድሜ ዓባይነህ የያምባ ደን ጠባቂ ነው። መጻፍ ስለማይሆንለት ድምፁን ቀድቶ ይልካል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በር ላይ ሰጥቼው፣ መንገድ ዘግቼ ዳብል ፓርክ ስላደረግኩ ሮጬ ወረድኩ።»

«ሰምተኸዋል?»

«በአቡጀዲ ተጠቅልሎ በክር የተሰፋ ነው። ለእሱ እንጂ ለእኔ አልተላከም።»

«ለፖሊስ ለምን ደበቅክ?»

«ብነግራቸው ካሴቱን ይፈልጉታል። ካገኙት ወንድሜ ያለው ሁሉ መዝገብ ላይ ይወጣል። እዚያ ያሉት ቆራጮች እንግሊዝኛ የሚያነብላቸው አያጡም። ባለፈው ዓመት የአንድ ጠባቂ ሬሳ ከወንዝ ነው የወጣው። ከጋሽ ንጉሡ ጋር የተጣላሁትም ለዚሁ ነው። ‹ማክሰኞ ድምፁን አሰማለሁ› ሲለኝ፣ ‹የአንተ ዛፍ ነው፣ የእኔ ደግሞ ወንድም› አልኩት።»

በማግስቱ አጸደ በሜትሮ አሌክሳንድሪያ፣ ኪንግ ስትሪት ጣቢያ ወረደች። ዶክተር እንዳልካቸው የሚኖረው ከጣቢያው አሥር ደቂቃ ርቆ ነው። ከንጉሡ ጋር አንድ ክፍል ተምሯል፤ አሁን ለኩባንያዎች ጥናት ይጽፋል። ከኩሽናው ሻይ ይዞ ሲመጣ የበሩን ጉበን ላለመንካት አንገቱን ሰበር አደረገ።

«እንደሱ ያለ ሰው አይገኝም» አለ። «እልኸኛ ነበር። እናት ቀረሮ መውደቋ ነው የገደለው። አራት መቶ ዓመት የቆመች ዛፍ በአንድ ቀን!»

አጸደ ስኳሩን አማሰለች።

«መቼ ወደቀች?»

«ሦስት ሳምንት ይሆናታል።»

«ያሳዝናል» አለች። ሻይዋን ጨርሳ፣ ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ንጉሡ ቤት እንዲመጣ ለምናው ወጣች። ሳራ የአባቷን ወረቀቶች ለወዳጆቹ ልታስረክብ ነው አለችው። ይህም ሐሰት አልነበረም።

ሰኞ አምስቱም ተሰበሰቡ። ሰአዳ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ኪራኮስ ከመስኮቱ አልተነሳም። እንዳልካቸው ሶፋው ላይ ነው። አጸደ ከሳራ ጎን ወንበር ሳበች።

«ከራሴ ስህተት ልጀምር» አለች። «ሰአዳ ‹ድረሱልን› ስትል እኔ ‹እርዱኝ› ብዬ አስጻፍኩ። ንጉሡ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ሞቶ ነበር፤ ሐኪሙ ልክ ነው። ሰአዳም ልክ ናት። ድምፁ የንጉሡ አይደለም እንጂ። ብቻውን የሚያወራ፣ መልስ የማይሰጠው፣ መሀል ላይ ቋ ብሎ የሚቆም ሰው ካሴት ውስጥ ያለ ሰው ነው። ከኋላው የሚያጓራውም ጎህ ሲቀድ የሚጮህ ጉሬዛ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ጉሬዛ የለም።»

«ያ ረቢ» አለች ሰአዳ በቀስታ።

«ካሴቱ አንድ ገጽ ሲያልቅ ቋ ብሎ ይቆማል። ከዚያ ቀጠለ። የሞተ ሰው ካሴት አይገለብጥም። ስለዚህ አስከሬኑ አጠገብ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ፣ አንዱን ገጽ ሰምቶ፣ ገልብጦ ሌላውን ሰምቷል። ፓምፑም ፍሪጁ ላይ ብቻውን አልወጣም። ወንበር የጎተተ የለም። እጁን ዘርግቶ ያስቀመጠው ረጅም ሰው ነው።»

ሁሉም ወደ ሶፋው ተመለከቱ።

«ረጅም መሆን ወንጀል ሆነ?» አለ እንዳልካቸው።

«አልሆነም። ግን ንጉሡ ዓርብ ማታ እናት ቀረሮ ቆማለች ብሎ ጽፏል። እዚህ አገር መውደቋን የሚያውቅ አልነበረም። ወሬው የመጣው ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት፣ በክር ተሰፍቶ ነው። እርስዎ በቃልዎ አሥራ አንድ ተኩል ላይ የደረሱት ሬሳ ላይ ነው። ታዲያ ማን ነገረዎት? ከካሴቱ ካልሰሙ የሰሙት ከቆራጮቹ ነው። የቱን ልያዝልዎት?»

እንዳልካቸው መነጽሩን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረው።

«ለኩባንያው ጥናቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ። «ብድሩ እንዲፈቀድ፣ ደኑ አንድ ጊዜ ተቆርጦ የበቀለ ነው ብዬ። ሄጄ አላየሁትም። ንጉሡ ደርሶበት ኖሮ ቅዳሜ ጠራኝ። ኪራኮስ ሲወርድ እኔ በሌላው ደረጃ እወጣ ነበር። ካሴቱን ሲያሳየኝ ተጨቃጨቅን፤ አስሙ ተነሳበት። ፓምፑን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኑሮት ነበር፣ አንስቼ ፍሪጁ ላይ አስቀመጥኩና ካሴቱን ስጠኝና ውሰድ አልኩት። እንቢ አለ። እያስመሰለ መሰለኝ። ከዚያ… አላስመሰለም።»

«ከዚያ በኋላ ካሴቱን አንድ ሰዓት ሙሉ ሰሙ?» አለች አጸደ።

«ስሜ ይኑርበት አይኑርበት ማወቅ ነበረብኝ።»

«አለበት?»

«የለም። እዚያ እኔን የሚያውቅ የለም።»

ሳራ አፏን በእጇ ያዘች። እንዳልካቸው ከኮቱ ኪስ ካሴቱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ያላቃጠልኩት እናንተም ልታወጡት እንደማትደፍሩ ስለገባኝ ነው። ዓባይነህ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ ቀበሌውን ጠርቶ ነው የጀመረው። የቆራጮቹንም አንድ በአንድ ይጠራል። ለፖሊስ ከሰጣችሁ በችሎት ይሰማል። ነገ ለባንኩ ከሰጣችሁ ኩባንያውም እዚያው ተቀምጦ ይሰማል። ካልሰጣችሁ ደግሞ ማስረጃ የለም፤ ዛሬ ያልኩትን አላልኩም። እንደፈለጋችሁ።»

ኮቱን ቆልፎ ወጣ። የከለከለው አልነበረም።

«ለወንድምህ እንዲሸሽ አስቀድመን እንላክለት፤ ከዚያ ካሴቱ ይውጣ» አለች አጸደ።

«በምን? ስልክ የለ። የእግር መንገዱ ብቻ ሁለት ቀን ነው። ስብሰባው ነገ።»

«የሳትኩትን ቃል ነገ ሄጄ አርማለሁ፤ ያ የእኔ ግዴታ ነው። ያለ ካሴቱ ግን አንዲት ፊደል ናት። ፖሊስ የሚፈልገውም አንተን ነው ኪራኮስ። ይህን ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

«ዋት አባውት ማይ ዳድ? አባቴስ?» አለች ሳራ። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ለዚህ ቴፕ ነው እኮ የሞተው። ትንፋሽ አጥቶ እንኳን አልሰጠውም።»

ኪራኮስ ካሴቱን አንስቶ በሁለት እጁ ያዘ። ሊያያት ሞከረ፤ አልቻለም። ሰአዳ መሬት መሬት ታያለች። ከአሁን በኋላ የሚጠየቅ ሰው እንደሌለ አጸደ አወቀች።

«ሳራ፣ ይቅር በይኝ» አለ ኪራኮስ። «ያቺ ዛፍ አራት መቶ ዓመት ኖራለች። ዓባይነህ ገና ሠላሳ አራት አልሞላውም። ካሴቱን ለማንም አልሰጥም። እኔ ወንድሜን መርጫለሁ።»