የበሩ እጀታ

«አደራ፣ ‹ትሩ› ብቻ በይ። ሌላ ነገር እንዳትጨምሪ» አለች ሎጋ፣ ዓይኗን ከሰሌዳው ሳትነቅል።

ድንቢጥ ከፊታቸው የቀሩትን ዴስኮች ቆጠረች። ተራቸው ሊደርስ የቀረው አንድ ዴስክ ብቻ ነው፤ እስክሪብቶዋ በላብ ሙልጭልጭ እያለ አልያዝ ብሏታል።

ድንቢጥ ያሏት የክፍሉ ልጆች ናቸው፤ ቁመቷ አጭር፣ ቁጭ ብድግ የምታበዛ ስለሆነች። ሎጋ ደግሞ ዘንድሮ ከሌላ ትምህርት ቤት ስትመጣ የመቃኑን ጫፍ በራሷ ልትነካ ምንም አልቀራት፤ በዚያው ቀን ሎጋ ተባለች። ሁለቱ አንድ ዴስክ ላይ ሲቀመጡ «ነጠላ ሰረዝና ቃለ አጋኖ» እያሉ የሚተርቧቸው አልጠፉም።

የእንግሊዝኛ መምህርታቸው አንድ ግስ ከያዘች ሳምንቱን ሙሉ አትለቅም። የዚህ ሳምንት ተረኛ «ሃቭ» ነው። «‹አለኝ› ብሎ ዝም የለም!» ትላለች ጠመኔዋን እያወዛወዘች። «ምን አለህ? ምን ያህል አለህ? ብዙ ነው? ጥቂት ነው? ወይስ ጭራሽ የለህም? እሱን ካልነገርከኝ ገና አፍህን አልከፈትክም።» የቃል ፈተናዋም የራሷ ፈሊጥ አለው። ተማሪው ፈተናው ሳይጀመር ከጣሳ ውስጥ አንድ ቃል የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ያወጣል፣ በቃሉ ስለ ራሱ ዓረፍተ ነገር ይሠራል። ከዚያ የዴስክ ጓደኛው ምስክር ሆኖ ይቆምና የተባለው እውነት ከሆነ «ትሩ»፣ ካልሆነ «ኖት ትሩ» ብሎ በእንግሊዝኛ ይናገራል። «ሰዋስው ብታበላሹ ግማሽ እቀንሳለሁ፤ ብትዋሹ ግን ሁሉንም» ብላለች። ውሸቱን በምን እንደምታውቅ የጠየቃት የለም። እንደምታውቅ ግን ሁሉም እርግጠኛ ነው።

ከፊታቸው የተቀመጠው ሬዲዮ ተነሳ። ስሙን ያገኘው ስለማይዘጋ ነው። የደረሰው ቃል ትዕግሥት ነበር። «አይ ሃቭ ኤ ሎት ኦፍ ፔሸንስ!» አለ ደረቱን ነፍቶ።

ምስክሩ ገና ከመቀመጫው ሳይላቀቅ «ኖት ትሩ! ሂ ሃዝ ኖ ፔሸንስ!» ሲል ሬዲዮ «ምን ታውቃለህ አንተ!» ብሎ አቋረጠው። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። መምህርቷም እየሳቀች ለምስክሩ ሙሉ ነጥብ ጻፈችለት።

ድንቢጥ ብቻ አልሳቀችም። ሎጋ ያወጣችው ቃል «ታይም» ነበር።

ጊዜ! ትናንት ይህ ቃል ቢወጣ ኖሮ ድንቢጥ ዓይኗን ሳታሽ «ትሩ» ትል ነበር። እንግሊዝኛ ከወደቀች ክፍል ልትደግም ነው፤ ከዚህ ጣጣ ሊያወጣት የሞከረ ሰው ቢኖር ሎጋ ናት። ከትምህርት በኋላ ሁልጊዜ ቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ተቀምጠው ታስጠናታለች። «አላስቸገርኩሽም?» ስትላት «ጊዜማ ሞልቶኛል ባክሽ!» ነው መልሷ። ድንቢጥም ቃሏን እውነት ብላ፣ አንዳንዴ ዘግይታ እየደረሰች፣ አንዳንዴም ወሬ እየጀመረች ሰዓቱን ስትበላው ቆይታለች።

ትናንት ማታ ግን አክስቷ ካፖርት እንድታመጣላት ወደ አንድ ላውንደሪ ላከቻት። በሩን ሳብ ስታደርግ ከውስጥ የሆነ ነገር ያዛት። በኃይል ሳበችው። በሩ ተከፈተ፤ አንድ ትልቅ ነጭ አንሶላም እግሯ ሥር ዝርግፍ አለ። የአንሶላው አንድ ጫፍ በሩ እጀታ ላይ ታስሯል፣ ሌላውን ጫፍ ይዛ የነበረችው ደግሞ ሎጋ ናት! አንሶላ ለማጠፍ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ሁለተኛው ሰው የበሩ እጀታ ነበር። ደንበኛ በገባ ቁጥር አንሶላው ይወድቃል፣ ሥራውም እንደገና ከሀ ይጀመራል።

ከባንኮኒው ጀርባ አንዲት ሴት ክንዷ እስከ ክርኗ በጄሶ ታስሮ ተቀምጣለች፤ የሎጋ እናት ናት። «ይቅርታ አድርጊልኝ የኔ ልጅ፣ ካፖርቱ አልደረሰም» አለች። «እኔ አዳልጦኝ እጄ ተሰበረ፤ ሁሉም ነገር በዚች ልጅ ላይ ወደቀ። እሷ ደግሞ ‹አንዲት ደካማ ጓደኛ አለችኝ፣ ካላስጠናኋት ትወድቃለች› ብላ እያመሸች ትመጣለች። ከዚያ ስትተኩስ ማደር ነው።»

ሎጋ በእናቷ ራስ ላይ አሻግራ «እንዳትናገሪ» ብላ በዓይኗ ለመነቻት። ደካማዋ ጓደኛም አንገቷን ደፍታ ወጣች።

ዛሬ ጠዋት በር ላይ ተገናኝተው «ለምን ደበቅሽኝ?» ስትላት ሎጋ ትከሻዋን ነቀነቀች። «አንዴ ከታወቀ ‹ካውያ› ብለው ስም ሊያወጡልኝ ነው። ሁሉም ያዝንልኛል። አንቺም መምጣት ትተያለሽ።»

«ብተውስ? ታርፊ አይደል?»

«የምን ዕረፍት! እንፋሎት የማይሸተኝ ያቺ የጥናት ሰዓት ብቻ ናት እኮ።»

«ሎጋ!» አለች መምህርቷ፤ ተራዋ ደርሶ ነበር።

ሎጋ ተነሳች። ድምጿ ጥርት ያለ ነበር። «አይ ሃቭ ኤ ሎት ኦፍ ታይም።»

«ምስክር?»

ድንቢጥ ቆመች። መቆሟ ብዙም ለውጥ አላመጣም ብሎ ሬዲዮ ከፊት ሲንሾካሾክ ሰማችው። «ትሩ» ብትል ይህ ሁሉ ባንድ ቃል ያልቃል። ሎጋም ዛሬ ማታ እንደገና ከበር እጀታ ጋር ስትታገል ታመሻለች። ስለ ላውንደሪው ብትናገር ደግሞ ጓደኝነታቸው እዚሁ ያበቃል።

«ኖት ትሩ» አለች።

ሎጋ ዞራ አየቻት። እንዲህ ዓይነት አስተያየት ድንቢጥ ከእሷ ዓይታ አታውቅም።

«ሺ ሃዝ ኤ ሊትል ታይም።» ጣቷን ወደ ራሷ ቀሰረች። «ኤንድ… አይ ሃቭ ኢት።»

መምህርቷ ጠመኔዋን አስቀመጠች። «እንዴት ማለት?»

«ያለቻትን ትንሽ ጊዜ የያዝኩት እኔ ነኝ ቲቸር» አለች ድንቢጥ በአማርኛ፤ እንግሊዝኛዋ አልቆ ነበር። «ከትምህርት በኋላ እኔን ነው የምታስጠናኝ። ስለማልችል።»

ክፍሉ በሙሉ ወደ እሷ ዞረ። እስከ ዛሬ ድንቢጥ «እኔ ሳላጠና ነው የምፈተነው» እያለች ስትጎርር የኖረች ልጅ ናት። መምህርቷ ሁለቱንም ተራ በተራ አይታ ወረቀቷ ላይ ጻፈች፤ ምን እንደጻፈች አልተናገረችም።

ሎጋ እስከ መጨረሻው ደወል አላናገረቻትም። ደወሉ ሲደወልም ቦርሳዋን አንስታ እልም አለች። ቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ያሉት ወንበሮች ባዶ ነበሩ።

ድንቢጥ ላውንደሪው ጋ ስትደርስ በሩን አልሳበችም። በመስታወቱ አሻግራ አየች። አንሶላው ከእጀታው እስከ ሎጋ እጅ ተወጥሯል። መስታወቱን በጣቷ አንኳኳች። ሎጋ ቀና ብላ አየቻት፣ መልሳ አቀረቀረች፤ ግን አንሶላውን ላላ አደረገችላት። ድንቢጥ በሩን ገርበብ አድርጋ እጇን አሾለከችና ቋጠሮውን ፈታችው። ጫፉን እንደያዘች በቀጭኑ ክፍተት ገባች፤ ለዚህስ ትንሽነቷ ጠቀማት።

«ካፖርቱ ዛሬም አልደረሰም እኮ የኔ ልጅ» አለች እናትየዋ።

«ለካፖርቱ አይደለም እትዬ» አለች። «ደካማዋ ጓደኛ እኔ ነኝ።»

እናትየዋ ደንግጣ አፏን ልትይዝ ስትል በጄሶው አገጯን መታችው። ሎጋ ሳታስበው ሳቅ አመለጣት። ሳቋን ለመዋጥ ብትሞክርም አልሆነላትም።

«እጅሽን ታጥበሻል?» አለች ኮስተር ለማለት እየሞከረች። «የሆቴል አንሶላ ነው።»

«ታጥቤያለሁ።»

«በይ ጠበቅ አድርገሽ ያዢ። ክንድሽን ከፍ፣ ከፍ አድርጊው፣ መሬት እየነካ ነው! ዓረፍተ ነገርም አብረሽ ስሪ። ሃቭ።»

«አይ ሃቭ…» አለች ድንቢጥ፣ በእግሯ ጣቶች ቆማ፣ የሚቀጥለውን ቃል እየፈለገች።

ሁለቱ ጫፍና ጫፍ ይዘው እየተቀራረቡ ሳለ በሩ ተከፈተና አንድ ደንበኛ ገባ። አንሶላው አልወደቀም።