የአምስት ሰዓት ዕረፍት

ሒሩት ከወንበሯ ሳትነሳ ጉዳዩ ተዘግቶ ነበር። የዘጉት ሦስት ወንዶች ናቸው፦ ባሏ፣ አለቃዋና የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ። አዛዡ አማርኛ አያነብም፤ ጠረጴዛዋ ላይ የተገኘውን ደብዳቤ አለቃዋ አቶ ስምኦን ተረጎመለት፣ ባሏ ኢንጂነር አለባቸው «ብያት ነበር» እያለ አለቀሰ፣ ከላስ፤ አለቀ። ሻምበል አኬች የተጠራችው ለምርመራ እንኳ አልነበረም። ልጅነቷን በስደት አዲስ አበባ ስላሳለፈች፣ «ትርጉሙ ልክ ነው» ብላ እንድትፈርም ብቻ ነው የተፈለገችው። እሷ ደግሞ ሳታይ የምትፈርም ሴት አይደለችም።

ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሆኗል። ጁባ ከተማ፣ ኒምራ ታላታ ሰፈር የሚገኘው የሕግ ቢሮ ከቆርቆሮ ጣራው በሚወርደው ሙቀት ታፍኗል። ሒሩት ጠረጴዛዋ ላይ እንደተደፋች ናት። ከጎኗ ግማሹ የተጠጣ ከርከዴ፣ ቀዩ የአበባ መጠጥ፣ በብርጭቆ አለ። ሐኪሙ ብርጭቆውን አሸተተና ሱቅ ጁባ ገበያ በትንንሽ ጠርሙስ የሚሸጠው የተባይ መርዝ እንደሆነ ተናገረ።

«መቼ ነው የሞተችው?»

«እሱን አትጠይቂኝ፤ በዚህ ሙቀት መገመት አይቻልም።»

አኬች ደብዳቤውን አነሳች። በኮምፒውተር የተጻፈ፣ ፊርማ የሌለው ወረቀት ነው።

«ሥራና ቤት አንድ ላይ አልሆኑልኝም። ትልቋን ልጄን ሠራተኛ አሳደገቻት፤ ትንሿን ደግሞ በቆርቆሮ ወተት እያሳደግኩ ነው። እናት መሆን አቃተኝ። ልጆቼ ያለ እኔ ይሻላቸዋል።»

«ትርጉሙ ልክ ነው?» አለ አዛዡ ሰዓቱን እያየ።

«ትርጉሙ ልክ ነው። ደብዳቤው ልክ መሆኑን ገና አላየሁም።»

ሌላው ሁሉ አምኗል። ማመኑስ ምን ይከብዳል? ሰባት ዓመት ሙሉ ሒሩትን ሲሏት የኖሩት ይህንኑ ነው። ዘመዱም ጎረቤቱም፣ ከሥራዋ ዳቦ የሚበላው ባሏም ጭምር ሲላት ኖሯል። የሰው ልጅ የራሱን ሐሜት በወረቀት ላይ ታትሞ ሲያገኘው ማስረጃ ይመስለዋል።

አኬች ከጠረጴዛው ሥር ያለውን ቦርሳ ከፈተች። የጡት ወተት ማውጫ ፓምፕ፣ ባዶ የወተት ከረጢቶች፣ ትንሽ የበረዶ ሳጥን አገኘች። ፓምፑ ደረቅ ነው፣ ሳጥኑም ባዶ። ከሐኪሙ ጋር የመጣችውን ነርስ ጠራችና በጆሮዋ አንድ ነገር አለቻት። ነርሷ ሬሳውን በጥንቃቄ አየችና «ጡቷ ድንጋይ እስኪመስል ሞልቷል፣ አላለበችም» አለች።

አቶ ስምኦን ሐዘኑን ከከረባቱ ጋር አስተካክሎ ጠበቃት።

«ጠዋቱን ሙሉ ከክፍሌ አልወጣሁም። ስድስት ሰዓት ላይ መጣችና አለቀሰች። ‹አልቻልኩም› አለችኝ። ስድስት ተኩል ላይ ፍርድ ቤት ነበርኩ፤ ዳኛው ምስክሬ ናቸው። ሻምበል፣ እኔኮ መክሬያታለሁ። ሴት ጠበቃ ብትሆን አልጠላም። ግን ሁለት ልጅ ይዞ…»

«ይቅርታ፣ ሕፃኗ ምንድን ነው የምትጠጣው?»

«ምን?»

«የስድስት ወሯ ልጅ። ምን ትጠጣለች?»

«የቆርቆሮ ወተት ነዋ! ቀኑን ሙሉ እዚህ የምትውል ሴት ሌላ ምን ልትሰጣት? እንዲያውም በየቀኑ አምስት ሰዓት ላይ በሯን ዘግታ ግማሽ ሰዓት ታሸልብ ነበር። ለዚህ ነው መዝገብ ያስያዝኳት፤ በገባች ቁጥር ‹ዕረፍት› በሚለው ሥር ትፈርማለች። ሥርዓት መኖር አለበት።»

«ሥርዓትማ ጥሩ ነው» አለች አኬች፤ መዝገቡን ይዛ ወጣች።

ጸሐፊዋ አዱት ግቢው ውስጥ ዓይኗ አብጦ ተቀምጣለች። ጋምቤላ ያደገች ልጅ ናት።

«ሦስት ተኩል ላይ እንደ ሁልጊዜው ለሁለቱም ከርከዴ አስቀመጥኩ። ከዚያ አቶ ስምኦን ፎቶ ኮፒ አስነሺ ብለው ሱቅ ጁባ ላኩኝ። እዚህ ማሽን እያለ! ሶላሩም ሙሉ ነበር፤ እሳቸው ግን ስወጣ ጄኔሬተር ያስነሱ ነበር። ሰባት ሰዓት ላይ ስመለስ እንዲህ ሆና አገኘኋት።»

«ሕፃኗ ምን ትጠጣለች?»

«የእናቷን ነዋ! እህቴ ሒሩት አምስት ሰዓት ላይ ታልባለች፣ እኔ ሳጥኑን ለክዌት እሰጠዋለሁ፣ እሱ በቦዳ ቦዳው፣ በሞተር ብስክሌቱ፣ ቤት ያደርሳል። ይሄን የማያውቅ ሰው መንገዱ ላይ የለም።»

ባልየው መኪናው ውስጥ አየር ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ነበር የሚያዝነው።

«አራት ተኩል ላይ መጥቼ ነበር» አለ። «ትናንት ተጣልተን ነበር። ‹ወይ ቤትሽን ወይ ፍርድ ቤቱን ምረጪ› ብያት። ይቅርታ ልጠይቅ ነበር የመጣሁት። ጄኔሬተሩ ይጮኻል። ሁለቴ አንኳኳሁ፣ ዝም አለች። ያኮረፈች መሰለኝና ሄድኩ።»

«በሩ ተቆልፎ ነበር?»

«አልሞከርኩትም።»

«ሕፃኗ ምን ትጠጣለች?»

«ወተት… መሰለኝ። እናቴን ጠይቂያት።»

ድልድይ የሚሠራ ሰው ነው። አንድ የበር እጀታ ማዞር ግን ክብሩን ነካበት።

ጁባ ና ባሪ ሰፈር ካለው ቤታቸው ስትደርስ የሕፃኗ ለቅሶ ከበር ተቀበላት። የሰባት ዓመቷ ልዕልት ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ልጅቷ ዩኒፎርሙን ስታይ ተነሳች።

«እማዬ የሞተችው በእኛ ምክንያት ነው? አባዬ ‹ደብዳቤ ጽፋለች› ሲል ሰምቻለሁ።»

«አያትሽ ምን አሉሽ?»

«ዝም አሉ።»

የአኬች የራሷም ትልቋ ልጅ ሰባት ዓመቷ ነው።

«መልሱን ይዤልሽ እመጣለሁ። እስከዚያ ማንም ምንም ቢልሽ አትስሚ።»

የሒሩት አማት ወይዘሮ አስረሳሽ ሕፃኗን ትከሻቸው ላይ አድርገው ይንጎራደዳሉ። ደብዳቤውን አላዩትም፤ እንዲህ ይላል ተብሎ ነው የተነገራቸው።

«እማማ፣ ይቺ ልጅ ምን ትጠጣለች?»

«የእናቷን ወተት እንጂ ምን ትጠጣለች? በሳጥን ይመጣል። ዛሬ ግን አልመጣም። እኔም ‹ፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ስትል ልጇን ረሳች› ብዬ ረገምኳት።» ቆሙ። «ልጄ፣ ስረግማት… ሞታ ነበር?»

አኬች ፍሪዘሩን ከፈተች። ሰባት የወተት ከረጢቶች ተደርድረዋል። ሁሉም ላይ በሒሩት እጅ ጽሑፍ የሚቀጥለው ሳምንት ቀን ሰፍሯል።

«ሰኞ ለሥራ ዋው ከተማ ልትሄድ ነበር፤ ለሁለት ቀን» አሉ አሮጊቷ። «ለዚያ ነው ያጠራቀመችው።»

አኬች አንድ በአንድ አነበበቻቸው። የመጨረሻው ላይ ቆየች። ከዚያ ሁሉንም እንደነበሩ መልሳ በሩን ዘጋች።

በማግስቱ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሁሉንም በሒሩት ክፍል ሰበሰበቻቸው። ስምኦን፣ አለባቸው፣ ወይዘሮ አስረሳሽ፣ አዱትና የቦዳ ቦዳው ሾፌር ክዌት ተቀመጡ። አዛዡ በሩ ላይ ቆመ።

«አራት ሰው አንድ ጥያቄ ጠይቄያለሁ» አለች። «ሕፃኗ ምን ትጠጣለች? ጸሐፊዋ ታውቃለች፣ አያቷ ታውቃለች። አባቷ አያውቅም፤ ግን ‹የቆርቆሮ› ብሎም አልዋሸም፣ ‹እናቴን ጠይቂያት› አለ። ደብዳቤው ‹የቆርቆሮ ወተት› ይላል። ልጇን አንድ ቀን በቆርቆሮ ወተት አሳድጋ የማታውቅ እናት እንዲህ ብላ ትጽፋለች? እንዲህ ብሎ የመለሰልኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ስምኦን ፈገግ አለ። «ሻምበል፣ በወተት ሰው ልታስሪ ነው?»

«በአንተ መዝገብም ነው።» አንቱታው ቀርቷል፤ ሁሉም ልብ አለው። መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ሥርዓት ወዳጅ ነህና ቁጠር። ስልሳ አንድ የሥራ ቀን፣ ስልሳ አንድ ፊርማ፣ ሁሉም አምስት ሰዓት ላይ። አንድም ቀን አላጎደለችም። ትናንት ግን መስመሩ ባዶ ነው። ፓምፑ ደረቅ ነው። ነርሷ ጡቷ እንደሞላ መስክራለች። አምስት ሰዓት ሳይሞላ ይቺ ሴት ሞታለች። ታዲያ ስድስት ሰዓት ላይ አንተ ዘንድ መጥታ ያለቀሰችው ማን ናት?»

«የተጨነቀ ሰው ሰዓት ይረሳል!»

«ሰው ይረሳል። ጡት አይረሳም። ክዌት፣ ንገራቸው።»

ክዌት ቆቡን በእጁ እያሸ ተነሳ። «አምስት ተኩል ላይ መጥቼ ጥሩምባ ነፋሁ። እሳቸው ወጡ። ‹ዛሬ ምሳ አትልክም፣ ሂድ› አሉኝ። ማሌሽ፣ ይቅርታ፣ ሳቄ መጣ። ምሳ!»

አዱት አፏን በእጇ ያዘች።

«ከክፍሌ አልወጣሁም ብለኸኛል» አለች አኬች። «ግን ወጥተሃል። ሾፌሩን ለምን መለስከው? ሳጥኑን ማንም እንደማይሰጠው ስለምታውቅ። እንዲያ ሆኖ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ እንኳ አታውቅም ነበር። ምሳ መሰለህ! አዱትን ላክሃት፣ ድምፅ እንዳይሰማ ጄኔሬተሩን አስነሳህ፣ ላነጋግርሽ ብለህ ገብተህ ከርከዴዋ ውስጥ መርዙን ጨመርክ፣ የጻፍከውን ደብዳቤ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥክ። አድራጎትህን እያወቅህ ፍርድ ቤት ሄደህ ዳኛ ፊት ቆምህ።»

«ለምን ብዬ?»

ሻምበሏ ከቦርሳዋ አንድ መጥሪያ አወጣች። «ይህ ከሒሩት ፋይል የተገኘ ነው። ዙልፋ የምትባል ባል የሞተባት ሴት መሬቷን እንድታስከብርላት ብላ ደንበኛህ ሆነች። አንተ መሬቷን ለሚፈልገው ሰው በድብቅ የሽያጭ ውል ጻፍክለት። ሒሩት ደረሰችበት። ዛሬ፣ አሁን በዚህ ሰዓት፣ በአንተ ላይ ልትመሰክር ነበር።»

ስምኦን ጠረጴዛውን፣ መዝገቡን፣ ከዚያ ክዌትን አየ። ከአፉ የወጣው የሚያስቅም የሚያስጠላም ነበር።

«ወተት እንደሆነ ማንም አልነገረኝም!»

«አልጠየቅህማ» አለች አኬች። አዛዡ ካቴናውን አወጣ። ትናንት ሰዓቱን ሲያይ የነበረው ሰው ዛሬ ዓይኗን ለማየት አፍሯል። እሷም አላገዘችውም።

አለባቸው ተነስቶ የበሩን እጀታ ያዘ። «አራት ተኩል ላይ በሩን ብከፍተው ኖሮ…»

«እሱን አንተ ትኖርበታለህ» አለችው። «ለልዕልት ግን እውነቱን ትነግራታለህ። ዛሬውኑ።»

ማክሰኞ ጠዋት አኬች ጁባ ና ባሪ ተመልሳ ሄደች። አባትየው ነግሯታል፤ ልጅቷ ግን ገና አላመነችም፤ ትልልቅ ሰዎች ከቀብር በኋላ ጥሩ ጥሩ ነገር እንደሚያወሩ ታውቃለች። ወይዘሮ አስረሳሽ የመጨረሻውን ከረጢት ከፍሪዘር አውጥተው በሞቀ ውኃ አቅልጠውታል።

«መልሱን ይዤልሽ እመጣለሁ ብዬሽ አልነበር?» አለች አኬች፤ ከረጢቱን ሰጠቻት። «የእናትሽ ጽሑፍ ነው። ራስሽ አንብቢው።»

ልዕልት ጣቷን ከፊደሎቹ ሥር እያስኬደች ጮክ ብላ አነበበች፦

«ማክሰኞ ጠዋት። ይህን ልዕልት ታጠጣት፤ እሷ ስትይዛት አታለቅስም።»

ሁለተኛ ጊዜ በልቧ አነበበችው። አያቷ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ሕፃኗ ማልቀስ ጀምራለች።

«ቆይ፣ እጄን ልታጠብ» አለች ልዕልት፤ ወደ ውኃው በርሜል ሮጠች።