እታለም ያልጨረሰችው ወንበር

ይህን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል ብላችሁ ውሸት ነው። የአናጢ እጅ ቶሎ አይንቀጠቀጥም። ነገር ግን የምጽፍላችሁ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ያላመነ አይፈረድበትም፤ የሌላ ሰው ቢሆን እኔም አላምንም ነበር።

እዚህ ቻናል ላይ የምታነቡት ብዙው ነገር ሌሊት የሆነ ነው። የእኔ ግን በቀን ነው።

እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐይዋ ፍጥጥ ብላ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ጎረቤቴ ከግድግዳው ማዶ ብረት እየቆረጠ...

ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። ከፊት የእንጨት ሥራ ቤት፣ ከኋላ መኖሪያ። "ቤታችን" የምለው ከልማድ ነው። አሁን ብቻዬን ነኝ።

እታለም የምላት ታላቅ እህቴን ነው። እናትና አባታችን ካለፉ በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እኔ እሠራለሁ፣ እሷ ቫርኒሽ ትቀባለች። ቀብታ ስትጨርስ መድረቁን ለማወቅ አውራ ጣቷን ከመቀመጫው ሥር ጫን ታደርጋለች። ትዕግሥት ስለሌላት ሁልጊዜ ሳይደርቅ ነው የምትነካው። ስለዚህ ከእኛ ቤት የወጣ ወንበር ሁሉ ቢገለበጥ የእታለም አውራ ጣት አለበት።

እኔ ከሰው ጋር ማውራት አይሆንልኝም። ደንበኛ ሲመጣ ቶሎ ብዬ ምስማር በከንፈሬ እይዛለሁ። ምስማር የያዘ አናጢን ማንም አያናግረውም። ይህን ዘዴዬን ያወቀችብኝ እታለም ብቻ ነበረች።

"ምስማሩን አውጣና ለሰው ሰላም በል!" ትለኛለች። "አንድ ቀን ትውጠውና ሆድህን በማግኔት ነው የምንፈትሸው።"

ሥራ ቤቱ ጥግ ላይ አንድ ወንበር አለ። በሕይወቴ የመጀመሪያው ወንበሬ ነው። አንድ እግሩ አጠረብኝ። እንዲስተካከል ብዬ ሌሎቹን ቆረጥኩ... አሁን ደግሞ ሌላኛው አጠረ። እንደገና ቆረጥኩ። እንዲህ ስል ስል ወንበሩ ወርዶ ወርዶ የሕፃን መቀመጫ ሊሆን ሲል ተስፋ ቆረጥኩና ካጠረው እግር ሥር ሽብልቅ ቸነከርኩበት።

እታለም እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ስሙንም "አጅሬ" አለችው።

"አጅሬን ማንም አይገዛውም፣ እኔም አልሸጠውም" አለች። "አንድ ቀን ቫርኒሽ እቀባዋለሁ።"

ሳትቀባው ቀረች።

አሁን ወደ እታለም ጌም ልምጣ።

እታለም ከሥራ በኋላ የሚያሳርፋት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ያገለገለ ማጫወቻ ገዝታ ከትንሿ ቴሌቪዥናችን ጋር አገናኝታው ነበር። ውስጡ አንድ የጃፓን ጌም አለ። ጥይት የለም፣ መግደል የለም። ቅርጫት ያንጠለጠለች አንዲት ልጅ አለች። ጫካ ለጫካ እየዞረች ቅጠል ትለቅማለች፣ ድንጋይ ትሰበስባለች፣ ከቀፎ ማር ትቆርጣለች። ከዚያ ቤቷ ተመልሳ ሁሉንም ትልቅ ድስት ውስጥ ከታ ታማስላለች። ከድስቱ መድኃኒት ይወጣል። ፋኖስ ይወጣል። አልጋም ይወጣል።

"አልጋ ከድስት?" እላታለሁ። "እኛ እዚህ በመጋዝ ስናልቅ!"

"ዝም በል፣ ምቀኛ።"

ጽሑፉ በማናውቀው ቋንቋ ነው። ሥዕሉን እያየች፣ እየተሳሳተች ለመደችው። ሙዚቃው ለስለስ ያለ ነው። ከሥራ ቤቱ ሆኜ ሙዚቃውን ስሰማ፣ እታለም እያረፈች ነው እላለሁ።

በሳንባ ስትታመምም አልተወችውም። አልጋ ላይ ሆና ትጫወታለች፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ።

"ልጅቷ ቤት አንድ ወንበር ብቻ ነው ያለው" አለችኝ አንድ ቀን። "አንድ ወንበር ያለበት ቤት ቤት አይባልም። እንግዳ ቢመጣ ቆሞ ሊያወራ ነው?"

"ጌም ውስጥ ምን እንግዳ ይመጣል?"

"አንተ ትመጣለሃ። መቀመጫ የለም እያልክ አይደል ሁልጊዜ ቆመህ የምትሄደው? ሁለተኛ ወንበር እሠራልሃለሁ። ትቀመጥና ታወራኛለህ።"

ለወንበሩ አንድ ነገር ብቻ ጎደላት። ቀይ ሙጫ። ሩቅ ገደል ላይ ካለ ዛፍ ካልሆነ አይገኝም።

"ነገ እሄድለታለሁ" አለች።

ከድስቱ አጠገብ አንድ ፋኖስ አለ። ልጅቷ ያንን ስትነካ ብቻ ነው ጌሙ የደረሱበትን የሚመዘግበው። እታለም ልጅቷን ወደ ፋኖሱ ወሰደቻት፣ አስነካቻት፣ አጠፋችው።

በማግስቱ ሆስፒታል ወሰድኳት። ብቻዬን ተመለስኩ።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ጌሙ አንድ መዝገብ ብቻ ነው ያለው። አዲስ ከተመዘገበ የድሮው ይጠፋል። እታለም በመጨረሻ የነካችው ያ ፋኖስ ነው። እሱ ከጠፋ... እሷ ያቆመችው ነገር በዓለም ላይ አይኖርም።

ስለዚህ ከሥራ በኋላ እከፍተዋለሁ። ልጅቷ እታለም እንዳቆመቻት ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ ወደ ድስቱ ዞራ ቆማለች። ግቢዋን አዞራታለሁ። ሩቅ አልሄድም። ሙዚቃውን እሰማና ፋኖሱን ሳላስነካት ከሶኬቱ እነቅለዋለሁ። ነገም ያው ናት። ድስቱ አጠገብ።

ቫርኒሹንም አልነካሁትም። ደንበኛ ጥሬውን እንጨት ይወስዳል፣ ሌላ ቦታ ያስቀባል። የጣሳው ክዳን ደርቆ ተጣብቋል። ብሩሿም ድንጋይ ሆናለች።

አንድ ቀን ስከፍተው ልጅቷ ወደ ድስቱ አልዞረችም።

ወደ በሩ ዞራለች።

ተሳስቼ ይሆናል አልኩ። ሰው ብቻውን ሲሆን ብዙ ነገር ይሳሳታል።

በሌላ ቀን ጫማዋ ጭቃ ነክቶታል። ግቢዋ ውስጥ ጭቃ የለም።

ከዚያ ደግሞ... ቅርጫቷን ከፈትኩት።

ቀይ ሙጫ።

እኔ ገደሉ ጋ ሄጄ አላውቅም። መንገዱንም አላውቀውም።

በሳምንቱ ውስጥ ጋሼ በያጅ ወደ ሥራ ቤቴ ብቅ አለ። ግድግዳ የሚጋራኝ ብረት በያጅ ነው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሳቀብኝ።

"ስማ አንተ ዝምተኛ፣ ሳትነግረን አገባህ እንዴ?"

አፌ ውስጥ ምስማር ነበር። በዓይኔ "ምን?" አልኩት።

"ከጓዳ የምትስቀዋን ነው የምልህ! አንተ እዚህ መጋዝ ትስባለህ፣ እሷ እዚያ ትስቃለች። ደግ አደረግህ። የእኔን ወንበር ብቻ እንዳትረሳ፣ ለሠርጉ።"

ምስማሩን አወጣሁ። "ቴሌቪዥኑ ይሆናል፣ ጋሼ።"

"ከፍተኸው ነው የምትሠራው?"

ቴሌቪዥኑ ከሶኬት ተነቅሏል። ምስማሩን መልሼ አፌ ውስጥ ከተትኩ።

እሑድ መጣ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከፈትኩት።

ሙዚቃው የለም። ድስቱ ይንተከተካል፣ ድምፅ ግን የለውም። ጠረጴዛው አጠገብ ሁለት ወንበር አለ።

ሁለት።

ወጥቼ ጋሼ በያጅን ጠራሁት። እኔ ሰው ስጠራ ሰምቶ ስለማያውቅ መቁረጫውን ጥሎ መጣ። አልጋው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሁለታችንም በሹክሹክታ ነበር የምናወራው።

"ምን ልይ?"

"ወንበሩን።"

"የቱን?"

"አዲሱን። አጭሩን።"

ጎንበስ ብሎ አየ።

"ከእግሩ ሥር ያለው ምንድን ነው?"

"ሽብልቅ ነው።"

"ይሄ... የአንተ አጅሬ አይደል?"

ራሴን ነቀነቅኩ።

"ጃፓኖቹ አጅሬን የት አዩት?" አለ። ሊስቅ ፈልጎ ነበር።

ያን ጊዜ ልጅቷ ዞረች። እጄ የጌሙ መቆጣጠሪያ ላይ አልነበረም። በዚህ ጌም ልጅቷ ሁልጊዜ ጀርባዋን ነው የምታሳየው። አሁን ፊቷን ሰጠችን። የምታየው ቤቷን አይደለም።

"ለምንድን ነው ወደ እኛ የምታየው?"

"እኔ እንጃ፣ ጋሼ።"

"ንቀለው።"

ልጅቷ ወደ ፋኖሱ ሄደች። እጇን ዘረጋች። ስክሪኑ ላይ ሁለት ምልክት መጣ። ጽሑፉን ባላነበውም ምልክቶቹን አውቃቸዋለሁ። አንዱ "ይመዝገብ" ነው፣ አንዱ "ይቅር"።

እሷ እጇን ዘርግታ ትጠብቃለች።

"ንቀለው አልኩህ!"

ገመዱን ያዝኩት። ብነቅለው የእታለም ፋኖስ ይተርፋል። ነገም ልጅቷ ድስቱ አጠገብ ትሆናለች፣ ሁልጊዜም ትሆናለች፣ በአንድ ወንበር። ብመዘግበው ግን የእታለም የመጨረሻዋ ቀን ትጠፋለች...

ወንበሩ ግን ተሠርቷል። "ትቀመጥና ታወራኛለህ" ተብያለሁ።

ገመዱን ለቀቅኩ። "ይመዝገብ" የሚለውን ተጫንኩ።

ልጅቷ ፋኖሱን ነካች። ሄዳ በአንዱ ወንበር ተቀመጠች። አጅሬን በእግሯ ገፋ አድርጋ ከጠረጴዛው አራቀችው፤ ሰው ሲቀመጥ እንደሚደረገው። ሌላ ምንም አልሆነም።

ጋሼ በያጅ ተነሣ። ግንባሩ አልቦት ነበር።

"ዛሬ ብቻህን አትሁን። እኛ ጋ ና፣ ልጆቹ አሉ" አለኝ።

"እሺ" አልኩት። አልሄድኩም። ሰው ቤት ገብቼ ምን እላለሁ?

እሱን ልሸኝ በሥራ ቤቱ ሳልፍ ሽታው መታኝ። የቫርኒሽ ሽታ።

ጣሳው እንደተጣበቀ ነው። ብሩሿ እንደ ድንጋይ ነች። አጅሬ ግን ጥግ ላይ ሆኖ ያብረቀርቃል። በጣቴ ነካሁት።

እርጥብ ነው።

ቀስ ብዬ ገለበጥኩት። ከመቀመጫው ሥር፣ እርጥቡ ላይ፣ አንድ አውራ ጣት ተጭኖበታል።

መልሼ አቆምኩት። አልቅሼ እንደሆነ አትጠይቁኝ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጌሙን ከፈትኩት።

ሁለቱም ወንበሮች ሰው አለባቸው።

አጅሬ ላይ የተቀመጠው ወንድ ነው። ጀርባውን ሰጥቶኛል። ፀጉሩ ላይ የእንጨት ብናኝ አለ። ከፊቱ ባለው ጠረጴዛ ላይ ምስማሮች ተኮልኩለዋል፣ ከአፉ አውጥቶ እንዳስቀመጣቸው።

ያወራል።

ከጀርባው ያስታውቃል። እጁን እያወራጨ፣ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ... እኔ እንደዚያ አውርቼ አላውቅም። ልጅቷ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ቴሌቪዥኑ ግን ድምፅ የለውም።

ከግድግዳው ማዶ የጋሼ በያጅ መቁረጫ ቆመ።

"አንተ!" ብሎ ጮኸ። ድምፁ ደስታ አለበት፣ ትናንት ያየውን ሊረሳ የፈለገ ሰው ድምፅ ነው። "አንተም እንደዚህ ትስቃለህ ለካ! ምን እያላችሁ ነው? ለእኛም ንገሩን እንጂ!"

"እኔ አይደለሁም፣ ጋሼ" ልለው ፈለግኩ።

አፌ አልከፈት አለ። ምላሴ ላይ ብረት ብረት የሚል ጣዕም መጣ። እጄን ወደ ከንፈሬ ሰደድኩ።

ምስማር ይዣለሁ።

ያን ቀን ሥራ አልጀመርኩም ነበር።