የነጋ ቋጠሮ

«አንቺ፣ እዚህ ወንበር ሥር ደግሞ እንቁላል አለ!» አለ ፋሲካ አፍንጫውን በሹራቡ እጅጌ ይዞ።

«ታዲያ አውጣዋ!»

«ሞቼ ነው! የንጉሡ ዘመን እንቁላል ቢሆንስ?»

ሶሊያና ሳቋ አመለጣት። ሳቋን ሳትጨርስ ግን ሽታው አፏን አስዘጋት። አያቷ አለምነህ በንጉሡ ጊዜ ይወዳደሩባት የነበረችው ቀይ ፊያት ደርግ ከገባ ጀምሮ አዘዞ ካለው ቤታቸው ጓሮ እንደቆመች ናት። አሁን ባለቤቶቿ ዶሮዎች ሆነዋል። የኋላ ወንበሯ ላይ ኩሱ ተደራርቦ እንደ ኖራ ደርቋል። በሩን ሲከፍቱት አንዲት ታቃፊ ዶሮ ርስቷን እንደተቀማች እመቤት እየጮኸች ነበር የወጣችው።

መኪናዋ እስከ ቅዳሜ መጽዳት አለባት። አጎቷ ሰውአገኝ፣ የፋሲካ አባት፣ ፒያሳ ላይ አዲስ ካፌ ይከፍታል፤ ፊያቷም ደጃፉ ላይ ትቆማለች። መስተዋቷ ላይ የሚለጠፈውን ጽሑፍ በእጇ የምትጽፈው፣ በእንግዶች ፊትም የምታነበው ሶሊያና ናት። ከስምንተኛ ክፍል እንደ እሷ የሚያምር የእጅ ጽሑፍ ያለው የለም። አጎቷ ያረቀቀው ወረቀት ኪሷ ውስጥ ነው፦ «አባቴ አለምነህ ሞተሯን በገዛ እጃቸው ሠርተው፣ በጠዳ ሜዳ ማንም ሳይቀድማቸው...»

ይህን እየሰማች ነው ያደገችው። ውድድሩ ላይ ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ይቆማሉ። ባንዲራው ዝቅ ሲል ይፈተለካሉ። አራት መቶ ሜትር ቀጥ ያለ መንገድ ነው፤ ጥምዝም የለው፣ መመለስም የለው። አንድ ነዳጅ ሻጭ ኩባንያ ለአያቷ ደሞዝ ይከፍላቸው ነበር። እንጀራቸው ይኸው ነበር፤ መቅደም። ሳሎን ግድግዳ ላይ ያሸነፉ ዕለት የተነሡት ፎቶ አለ። እሳቸው ዋንጫ ታቅፈው ይስቃሉ፤ መኪናዋ አፍንጫዋ ድረስ ነጭ ጋቢ ለብሳለች። ሶሊያና ከሁሉም የምትወደው ያንን ጋቢ ነው። ትንሽ ልጅ ሳለች፣ ደክሟት ስለነበር ያለበሷት ይመስላት ነበር።

ከመሪው ሥር የሸረሪት ድር ስትጠርግ እጇ አንድ ነገር ነካ። በቆዳ የተሰፋ፣ የክብሪት ቀፎ የሚያህል ክታብ ነው። በቀጭን ጠፍር ከብረቱ ጋር ታስሯል።

አያ እንኳየሁ ከዋንዛው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። የአያቷ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ያን ጊዜ ገና ጎረምሳ ሆነው ጎማ ይነፉ፣ ውሃ ይሞሉ ነበር።

«አያ እንኳየሁ፣ ይሄ እንዲያሸንፉ የተጻፈ ነው?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩና ሳቃቸው መጣ። «እስካሁን አለ? የለም የኔ ልጅ፣ የቡዳ መከላከያ ነው።»

«የማን ቡዳ?»

«የነጋ ነዋ። የወለቃው ባለእጅ፣ ፈላሻው። ሞተሯን የሠራት እሱ አይደል!»

«ቤተ እስራኤል ነው የሚባለው» አለች ሶሊያና። ቀጥሎ የሰማችው ነገር ዘግይቶ ገባት። «ሞተሯን አያቴ አይደሉም እንዴ የሠሯት?»

«አያ አለምነህ? አያ አለምነህ መንዳት ነበር የሚችለው። ብሎን በየት በኩል እንደሚፈታ እንኳ አያውቅም። ነጋ ነው እንጂ! ከየወዳደቀው የጣሊያን ማኪና ዕቃ እየፈታ፣ አልገጥም ያለውን በሞረድ እየሞረደ፣ እንደ ወፍጮ የሚያጓራውን ሞተር ነብር አደረገው። ሸጋ እጅ ነበረው።»

«ታዲያ ክታቡ ለምን?»

«እጁስ ሸጋ ነው፤ ዓይኑስ? ሲሠራት ውሎ ቢበላትስ?» አያ እንኳየሁ ጉልበታቸውን መታ መታ አደረጉ። «የሚያስቀው ምን መሰላችሁ? ከመሪው ሥር ሲገባ ክታቡ እየተንጠለጠለ ሥራ ያስፈታዋል። እናላችሁ ራሱ ይፈታዋል፣ ሥራውን ይሠራል፣ ሲጨርስ ራሱ መልሶ ያስረዋል! ከራሱ ሲጠብቃት!»

ፋሲካ በሳቅ ፈረሰ። «ኧረ ይሄ ቀውጢ ነው! ቲክቶክ ላይ ቢለቀቅ...» አለ ስልኩን እያወጣ።

ሶሊያና አልሳቀችም። የያዘችውን ክታብ ለቀቀችው።

«ለምን እንደታሰረ ያውቅ ነበር?»

«እንዴት አያውቅ፣ እፊቱ ነው የታሰረው!»

«ምንም አላለም?»

«ምን ይላል? ውሃ ሲጠማው ከዚያ ግድግዳ ሚስማር ላይ የራሱን ጣሳ ያወርዳል፣ ይጠጣል፣ መልሶ ይሰቅላል።» ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «እሱም ቢሆን የኛን አይበላም ነበር። ጊዜው ነው፣ ልጄ» አሉ።

ሶሊያና መልሱን ፈራችው፤ ግን ጠየቀች። «ፎቶው ላይ ያለው ጋቢስ?»

«ነጋ እንዳያያት ነዋ! አሸንፋ ስትመጣ እየሮጠ ደረሰ። ቶሎ ብዬ ያለበስኳት እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌው። ይህን ሲሉ ግን እንደ ቅድሙ አልሳቁም።

በዚህ መሀል ከውጭ የባጃጅ ድምፅ ተሰማ፤ ሰውአገኝ በጓሮው በር ገባ። ሶሊያና የሰማችውን ሁሉ ነገረችው። እያዳመጠ ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አየ።

«ታዲያ ይሄን ማን ጠየቀሽ?»

«ወረቀቱ ውሸት ነው፣ ጋሼ።»

«ወረቀቱ የካፌ ነው፤ የፍርድ ቤት አይደለም። ደግሞ ከእስራኤል ወለቃን ሊያዩ የሚመጡ እንግዶች አሉ። ይሄን ክታብ ቢያዩ ምን ይሉናል? ቁረጪና ሽንት ቤት ጣይው።» ከኪሱ ምላጭ አውጥቶ ሰጣት። «የጻፍኩትን ብቻ ገልብጪ። አሻፈረኝ ካልሽ ፋሲካ ይጽፈዋል።»

«እኔ? ከኔ ጽሑፍ የዶሮዎቹ ይሻላል» አለ ፋሲካ። ማንም አልሳቀለትም።

አጎቷ ስልክ ሊያነሣ ወደ ውስጥ ገባ። ሶሊያና ምላጩን ይዛ መሪው ሥር ተንበረከከች። እሷም መጣሉን ፈልጋዋለች፤ ከዶሮዎቹ ቆሻሻ ሁሉ ይልቅ እሱን መንካት ነበር የሚቀፋት። ምላጩን ጠፍሩ ላይ አሳረፈችው።

ያን ጊዜ ቋጠሮውን አየችው። ሁለት ጊዜ ተጠምጥሟል፤ የጠፍሩ ጫፍ እንዳያስቸግር ወደ ውስጥ ገብቷል። ክታቡ የተንጠለጠለው ወደ ዳር ተገፍቶ ነው፣ የነጂውን ጉልበት በማይነካበት በኩል።

«አያ እንኳየሁ፣ ይሄን መጨረሻ ያሰረው ማነው?»

«ነጋ ነዋ። ከዚያ ወዲህ ማን ይነካዋል? ውድድሩ የቀረ ሰሞን ሞተሯን አይቶ፣ ዘይት ቀይሮ፣ እሱን አስሮ ሄደ።»

ሶሊያና ምላጩን መሬት ላይ አስቀመጠችው። ንጹሕ ጨርቅ አረጠበችና በቋጠሮው ዙሪያ ያለውን አቧራ፣ ቋጠሮውን ሳታላላ፣ ቀስ ብላ ጠረገች። ከዚያ እጇን በሳሙና ታጥባ ወፍራሙን ነጭ ወረቀት ጉልበቷ ላይ ዘረጋች።

«አባቴ ይገድልሻል» አለ ፋሲካ በሹክሹክታ። ስልኩን ግን ኪሱ ከቶታል።

በሚያምረው ጽሑፏ «የዚህችን መኪና ሞተር የሠሩት አቶ ነጋ» ብላ ጽፋ ቀና አለች።

«አያ እንኳየሁ፣ የአባቱ ስም ማን ነበር?»

ሽማግሌው ሚስማሩ ወደነበረበት ግድግዳ አዩ። ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«እንጃ» አሉ በመጨረሻ። «ጠይቀነው አናውቅም።»

ሶሊያና ከስሙ ቀጥሎ ለአንድ ስም የሚበቃ ባዶ ቦታ ተወች። ከዚያ መስመር ወርዳ፣ ክታቡ ለምን እንደታሰረ መጻፍ ጀመረች።